የሐዋሳ ሐይቅ ከፍ ያለው የዋልታ በረዶ ስለቀለጠ ነው?

ሐይቅ ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ። ቅዳሜ ዕለት ልጄን ይዤ አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ሄድን። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባለፈው ጊዜ የተቀመጥንበትን ድንጋይ ውኃው ውጦታል። አየችውና "እማዬ፣ የሰሜን ዋልታ በረዶ ቀልጦ ነው አይደል?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ቲቪ ላይ ትልልቅ በረዶ እየተናደ ባሕር ሲገባ አይታለች፣ ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ አልወጣላትም። ማታ ስትተኛ ደግሞ "ውኃው ቤታችን ይደርሳል?" ብላ ጠየቀችኝ፣ ቤታችን ከሐይቁ ሩቅ አይደለምና እኔም ዝም አልኩ። ልጄ ልክ ናት? ሌላም አለኝ። እናቴ ይርጋለም ቡና አላት፣ በደወልኩ ቁጥር የምታወራኝ ዝናቡ ወቅቱን ስለመሳቱ ነው። የዚያ በረዶ መቅለጥ እዚህ ድረስ ይነካናል?

ታቦር ሥር
እህቴ፣ ጎበዝ ልጅ አለሽ። ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ፣ እንዲህ የሚጠይቅ ተማሪ ብዙ አይገኝም። ስለ ሐይቁ ግን አይደለም በያት። የሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ጋር አይገናኝም፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለውም። ስለዚህ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው እዚሁ የሚዘንበው፣ የሚተነውና ከዙሪያው ወርዶ የሚገባው ነው። ጨለለቃን የምታስታውሱ አላችሁ? ድሮ ሐይቅ ነበር፣ ጎርፉንና ደለሉን ያዝ ያደርግልን ነበር። ዛሬ አብዛኛው የከብት መዋያ ሆኗል። ከላይ ያለው መሬት ተራቁቶ የሚታጠበው አፈር ታዲያ የሚያቆመው የለም፣ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ይህን የዋልታ በረዶ አላመጣብንም፣ የራሳችን ጉዳይ ነው፣ እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

በረዶው ሁለት ዓይነት መሆኑን ደግሞ ቤት ውስጥ አሳያት። አንድ ብርጭቆ ውኃ ላይ በረዶ ጣይበትና ውኃው የደረሰበትን በእስክሪብቶ አስምሪ። ሲቀልጥ ውኃው መስመሩን አያልፍም። የሰሜን ዋልታ ተንሳፋፊ በረዶ እንደዚያ ነው፣ ሲቀልጥ ባሕሩን ከፍ የሚያደርገው እዚህ ግባ በማይባል መጠን ነው። ሌላ ብርጭቆ እስከ አፉ ሙዪና በረዶውን ሻይ ማጥለያ ላይ አድርገሽ ከላይ አስቀምጪው። ያኛው ይፈስሳል። ግሪንላንድና አንታርክቲካ እንደሱ ናቸው፣ በረዶው የተቀመጠው መሬት ላይ ነው። የግሪንላንድ ብቻውን ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለምን ባሕር 7 ሜትር ገደማ ያነሳዋል። የአንታርክቲካው 58 ሜትር ገደማ። ይህ በአንድ ሰው ዕድሜ የሚሆን አይደለም፣ ብዙ መቶና ሺህ ዓመታት ይፈልጋል። ደግሞ ሁሉም ቢቀልጥ 70 ሜትር አይሞላም፣ እኛ ያለነው 1,680 ላይ ነው። ልጅሽ በሰላም ትተኛ።

የጋላፊ መንገደኛ
መምህር ያሉት ልክ ነው፣ ግን ባሕሩ ሐዋሳ አይደርስም ብለን እፎይ አንበል። እኔ ከሞጆ ጅቡቲ ከባድ መኪና እነዳለሁ። የአገራችን የወጪና ገቢ ዕቃ ከመቶ ዘጠና በላይ የሚያልፈው በዚያች ከተማ ነው። ነዳጁ፣ ማዳበሪያው፣ ስንዴው። ጅቡቲ ደግሞ ዝቅ ያለች ናት፣ ባሕሩ በሞላ ሰዓት የወደቡ ግንብ ሥር ቆማችሁ ብታዩ ውኃውና መንገዱ የሚተያዩ ይመስላችኋል። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሳጋር የሚባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከተማዋ በጎርፍ ተጥለቀለቀች። ባሕሩ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር እንዲህ ባለ ጊዜ የባሕሩ ማዕበል ገፍቶ የሚገባው ርቆ ነው። ወደቡ አንድ ሳምንት ቢዘጋ ይርጋለም ያለው ገበሬ ማዳበሪያ ሲጠብቅ ወቅቱ ያልፍበታል።

ታቦር ሥር
በትክክል። ባለፉት 120 ዓመታት ባሕሩ ከፍ ያለው 20 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ስንዝር ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ፍጥነቱ ጨምሯል። አሁን በየዓመቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይነሳል፣ ያለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የዚህ ግማሽ እንኳ አልነበረም። በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ እንደምናቃጥለው ነዳጅ መጠን፣ ከ30 ሳንቲሜትር እስከ አንድ ሜትር ሊደርስ እንደሚችል ነው የሚገመተው። ሁሉም ከበረዶ አይደለም፣ ውኃው ራሱ ሲሞቅ ይለጠጣል።

ዝናብ ጠባቂ
የዝናቡን ጥያቄ እኔ ልሞክረው። የእናትሽን ቡና ቶሎ የሚነካው የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት ነው። በ2008 ዓ.ም. የነበረውን ድርቅ አስታውሱ፣ የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው ሲሞቅ የሚመጣው ኤልኒኖ ነበር፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈለገ። የዋልታው መንገድ ረዘም ይላል። ነጭ በረዶ የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል። ሲቀልጥ ጥቁሩ ባሕር ይገለጥና ሙቀቱን ይጠጣል፣ ስለዚህ የሰሜን ዋልታ አካባቢ ከሌላው ዓለም በብዙ እጥፍ ፈጥኖ እየሞቀ ነው። ከግሪንላንድ የሚፈሰው ጨው አልባ ውኃ ደግሞ አትላንቲክ ላይ ሙቀት ወደ ሰሜን የሚያመላልሰውን የባሕር ጅረት ሊያዳክም ይችላል። ያ ሲሆን የእኛ ክረምት የሚመጣበት የዝናብ ቀበቶ ወደ ደቡብ ይሸሻል። ከ12,000 ዓመት በፊት ገደማ ጅረቱ ሲዳከም የምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች ጎድለው እንደነበር ከሥራቸው የወጣው ደለል ያሳያል። ነገ ይሆናል አልልም። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ከባሕሩ ይልቅ ይሄ ነው፣ እኛ ከሰማይ የምንጠብቅ ሕዝብ ነን።

ሐይቅ ዳር
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ከጁስ ቤት በረዶ ገዝተን ሞከርነው። በቀይ እስክሪብቶ ካሰመርነው ውኃው ንቅንቅ አላለም። ማጥለያ ያደረግንበት ግን ቀስ እያለ ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፣ ልጄ በጣቷ እየተከተለች እስከ ጠርዙ ድረስ ስታየው ቆየች። "እማዬ፣ ይቺ ጅቡቲ ናት" አለችኝ። ሰኞ ክፍል አሳያለሁ ብላ የሻይ ማጥለያዬን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች።