የአጋዘን ሥጋ በጥሬው ይበላል?

የሐይቅ ልጅ (ሚኒሶታ)

ሰላም ለናንተ የወሎ ልጆች። ፈረንጅ ጎረቤታችን አጋዘን አድኖ ጭኑን፣ ጉበቱንና ጨጓራውን ሰጠን። ባለቤቴ ክትፎና ዱለት ካልበላሁ ብሎ ይዞኛል። ትንሿ ልጃችን ገና 3 ዓመቷ ነው። ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ሦስት ቀን ካደረ ምንም አይለንም አይደል?

ከሰኞ ገበያ (ደሴ)

እህቴ፣ በጥሬው እንዳትነኩት። እኔም እዚያው ሚኒሶታ ኖሬ ነው የተመለስኩት፣ ጉዳዩን አውቀዋለሁ።

እኛ ከጥሬ ሥጋ የምንፈራው ኮሶን ነው፤ ለኮሶ ደግሞ መድኃኒት አለው ብለን እንደፍራለን። ይሄ ግን ሌላ ነው። አጋዘንም እንደ ላምና በግ ያመሰኳል፤ በሚያመሰኩ እንስሳት አንጀት ውስጥ ሺጋ የሚባል መርዝ የሚያመነጭ ኢ. ኮላይ የተባለ የባክቴሪያ ዓይነት ይኖራል። እንስሳውን አያመውም። ስለዚህ አጋዘኑ ጤነኛና የሰባ መሆኑ ምንም ዋስትና አይሆንም።

ሥጋው የሚበከለው በፈርሱ ነው። ትናንት እኛ ቤት ለዝክር በግ ታርዶ፣ አጎቴ ሲገፍፉ ቆሜ አየሁ። ጸጉሩን የያዘው ግራ እጃቸው ሥጋው ላይ አንዴም አላረፈም፤ አንጀቱን ከማውጣታቸው በፊትም ጫፉን በሲባጎ ቋጠሩት። ጫካ ውስጥ በጥይት ሆዱን የተመታ አጋዘን ይህን ጥንቃቄ ከየት ያገኛል?

ሙዳ ሥጋ ላይ ተሕዋሱ ያለው ከላይ ነው፣ እሳት ሲነካው ይሞታል። ስትከትፊው ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል። ለብ ለብ አይበቃም፤ የተከተፈ ሥጋ መሐሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በእነሱ 160 ፋራናይት፣ መድረስ አለበት። ፍሪዘርም አይገድለውም። ዱለቱማ ጭራሽ ጨጓራ ነው!

እ.ኤ.አ. በ2010 እዚያው ሚኒሶታ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አጋዘን በልተው 29 ሰው ታሟል፤ በደንብ ያልበሰለ ሥጋ የበሉና ጥሬውን ነክተው እጃቸውን ያልታጠቡ ናቸው ይበልጥ የተጠቁት። በ2011 ደግሞ ኦሪገን ውስጥ ሰው የታመመው በእንጆሪ ነው፤ አጋዘኖች እርሻው ገብተው በጠጣቸውን ጥለውበት። ጓሮሽ አጋዘን የሚመላለስበት ከሆነ ቆስጣውንም አብስይው።

የሚያስፈራኝ ለልጅቷ ነው። መርዙ የትንንሽ ልጆችን ኩላሊት ያጠቃል። ሦስት አራት ቀን ቆይቶ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካየሽ ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ውሰጃት፣ የአጋዘን ሥጋ ቤት እንደገባም ንገሪያቸው። ከአገር ቤት የተላከ አንቲባዮቲክም ሆነ የተቅማጥ ማስቆሚያ በራስሽ አትስጫት፤ ሊያብስባት ይችላል።

ጭኑን ቀይ ወጥ አድርጊው። ስብ ስለሌለው ይደርቃል፤ ሽንኩርቱን አብዢለት፣ ቀስ ብሎ ይብሰል።

የሐይቅ ልጅ (ሚኒሶታ)

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ባለቤቴም አነበበው፣ ዱለቱ ቀርቷል። ግን ጭኑን ትናንት በእንጨት መክተፊያው ላይ ቆርጬዋለሁ፣ ሰላጣም የምከትፈው በሱ ነው። ምን ላድርገው?

ከሰኞ ገበያ (ደሴ)

በሙቅ ውኃና በሳሙና ፈትጊው፣ ከዚያ በረኪና በውኃ በጥብጠሽ ደፍተሽበት ትንሽ ይቆይ፣ አለቅልቀሽ አድርቂው። ቢላውንም፣ የእቃ ማጠቢያውን ቧንቧ እጀታም እንዳትረሺ። ለሰላጣው ሌላ መክተፊያ ግዢ።