ደብረ ማርቆስ ላይ ቁርጥራጭ አቅልጠን ፌሮ ብናመርት ያዋጣል?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)
ሰላም ለሁላችሁ። ብየዳ ላይ የተሰማራን የማኅበር ልጆች ነን። በር፣ መስኮትና አጥር እንሠራለን። ቁርጥራጭ ብረታችንን ነጋዴ በርካሽ ሰብስቦ አባይን አሻግሮ ይወስደዋል። ከዚያ ፌሮ ሆኖ በውድ ይመለስልናል። ገንዘብ አዋጥተን ትንሽ የኢንዳክሽን (በመብራት የሚሠራ) ማቅለጫ ብንገዛና እዚሁ ብናመርትስ? የማጓጓዣው ወጪ ብቻ ትርፍ ይሆነናል ብለን ነው።

መልስ (መሐንዲስ፣ ባሕር ዳር)
ተነሳሽነታችሁ ደስ ይላል፤ ፌሮ ላይ ግን አትግቡ።

ብረት የሚቀልጠው 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው። ማቅለጫው ሲተልቅ የሚይዘው ብረት በጣም ይጨምራል፤ ሙቀት የሚያመልጥበት ግድግዳ ግን ያን ያህል አይጨምርም። ስለዚህ በቶን የሚባክነው መብራት ያንሳል። ትንሽ ማቅለጫ ለሁለት እንጀራ ምጣድ እንደማጋል ነው።

የመሣሪያውም ዋጋ እንዲሁ ነው። በግምት፣ የፋብሪካ አቅም በእጥፍ ሲያድግ ወጪው የሚጨምረው 1.5 ጊዜ ያህል ነው። በውጭ አገር ከቁርጥራጭ የሚያመርቱ "ትንሽ" የሚባሉት እንኳ በዓመት በመቶ ሺህዎች ቶን ያወጣሉ። ከማዕድን የሚነሱት ደግሞ ሚሊዮኖች ቶን ካላመረቱ አያዋጣቸውም።

ሌላው ደግሞ፣ ማቅለጥ ግማሽ ሥራ ነው። ፌሮ ለማውጣት የጋለውን ብረት እየጨመቀ ቀጭን ዘንግ የሚያደርግ መዳመጫ ማሽን ያስፈልጋል። የካርቦን፣ የድኝና የፎስፈረስ መጠን የሚለካ ላቦራቶሪም የግድ ነው። በቀን 5 ቶን አመረታችሁ 50፣ ላቦራቶሪው ያው ነው። ሳይፈተሽ በወጣ ፌሮ ሰው ቤት ይሠራበታል፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው።

መልስ (ዱከም አካባቢ ፌሮ ፋብሪካ የሠራ፣ አሁን ቡሬ)
ወንድማችን ያለው ልክ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። ትልቅነት የሚጠቅመው ማሽኑ ሲሠራ ነው። ለቢሌት (ተዳምጦ ፌሮ ለሚሆነው ወፍራም ጥሬ ብረት) መግዣ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ወይም መብራት ሲቆራረጥ፣ ደሞዙና የባንክ ዕዳው በጥቂት ቶን ላይ ይከመራል። ከ10 ወደ 12 ሚሊ ሲቀየርም መስመሩ ቆሞ መዳመጫው ይለወጣል። ለዚህ ነው ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት በብዛት ማውጣት የሚወዱት።

መልስ (የግንባታ ዕቃ ነጋዴ፣ ፍኖተ ሰላም)
ልጆች፣ ዋጋውን በግዢ አሸንፉት። ከሌሎች ማኅበራትና ኮንትራክተሮች ጋር ተደራጅታችሁ ሙሉ ተሳቢ ከፋብሪካ አውርዱ። ስትረከቡ መዝኑት፦ የ12 ሚሊ አንድ በርጋ 12 ሜትር ከሆነ 10.6 ኪሎ ገደማ መምጣት አለበት።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ማቅለጡን ጨርሰን እንተወው ማለት ነው?

መልስ (መሐንዲሱ)
የለም፤ ብረት ቀረጻ፣ ማለትም የቀለጠ ብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ አፍስሶ ዕቃ መሥራት፣ ሞክሩ። ለቀረጻ የሚሆነው ብረት 1,200 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል። የወፍጮ ዕቃ፣ ፑሌጃ፣ የማንሆል ክዳን ትዕዛዛቸው ጥቂትና የተለያየ ስለሆነ ትልቅ ፋብሪካ አይሻማችሁም። መጀመሪያ ግን ከወፍጮ ቤቶቹ ትዕዛዝ ያዙ። ትራንስፎርመሩ ጭነቱን ይችል እንደሆነም ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት አስጠኑ።