ለሻይና ለቅቤ የሚሆን ገውዝ፦ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይስ ባቲ?

ጥያቄ፦ ጥሩ ገውዝ የት ልግዛ? ሐይቅ ከተማ ባለው ጓሯችን ውስጥ ለመትከልም ችግኙን ፈልጌ ነበር።

መልስ፦ እህቴ፣ ከየትም ግዢ፣ ብቻ የተፈጨውን አትግዢ። አምና ለረመዳን ብዬ ከአንድ ሱቅ የታሸገ ዱቄት ወስጄ ሻዩ ላይ አተላ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ እንግዶቼ ፊት አፈርኩ። የገውዝ መዓዛ ያለው ዘይቱ ውስጥ ነው፤ ከተፈጨ ቶሎ ይተናል። ፍሬው ግን ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ከተቀመጠ ብዙ ይቆያል።

እኔ የምመርጠው የባቲን የሰኞ ገበያ ነው። ነጋዴዎቹ ዘርግተው ስለሚሸጡት አንድ በአንድ መርጠሽ ታነሻለሽ። በእጅሽ ስትመዝኚው ከበድ ያለውን፣ ነቀዝ ያልበሳውን ያዢ፤ በመርፌ ወጋ ስታደርጊው ወዙ ብቅ ካለ አትልቀቂው። ደሴ ገበያ ለእኛ ይቀርባል፣ ግን የገዛሁት ከኮረሪማና ከቅርንፉድ ጋር አብሮ ከርሞ የራሱ ሽታ ጠፍቶበት ነበር። ኮምቦልቻ ከሱፐርማርኬት ያገኘሁት ፍሬ ንጹሕ ነው፤ ዋጋው ግን ከባቲው በጣም ይበልጣል።

ለአንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ በካሮት መፈቅፈቂያው ደቃቅ ጎን ሁለት ሦስቴ ፈቅ ማድረግ ይበቃል። ቅቤ ላይ ከምድጃው ሊወርድ ሲል ጨምሪው። አደራ፣ አታብዢ! አንድ ሙሉ ፍሬ መብላት ልብ ያስመታል፣ ያስመልሳል፣ ያቃዣል። ከልጆች አርቂው።

ሌላ መልስ፦ ሜስ የሚባለውንም ካገኘሽ አትለፊው። ያው የገውዝ ዛፍ የሚሰጠው ነው፤ ፍሬው ሲፈነዳ ዘሩን እንደ መረብ የሚያለብሰው ቀይ ሽፋን ደርቆ ነው የሚሸጠው። ከገውዙ ለስለስ ያለ መዓዛ አለው። እኔ አንዴ ብቻ ከአዲስ አበባ አስመጥቻለሁ።

ጠያቂዋ፦ አላህ ይስጥልኝ። ችግኙስ?

መልስ፦ እሱን ተዪው፣ እህቴ። የትውልድ አገሩ የኢንዶኔዥያ ባንዳ ደሴቶች ናቸው፤ ሙቀትና እርጥበት ያለው ቆላ ይፈልጋል፣ የሐይቅን ብርድ አይችልም። ደግሞም ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ዛፍ ነው። ከዘር ያበቀልሽው የትኛው እንደሆነ እስኪያብብ ከ6 እስከ 8 ዓመት ትጠብቂያለሽ፤ ወንዴ ከሆነ አያፈራም። ለጓሮሽ ጤና አዳም ትከዪ። ሰኞ ባቲ ከወረድሽ ግን በጠዋት ድረሺ፣ ደህና ደህናው ቶሎ ይለቀማል።