የአማርኛ ፊደል ያለበት የትምህርት ቪዲዮ ድረ ገጽ ላይ ይደበዝዛል፤ ፎርማቱና መጠኑ እንዴት ይሁን?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሒሳብ ትምህርቶችን በራሳችን ድረ ገጽ ላይ ልናስቀምጥ ነው። የላፕቶፑ ስክሪን 1366 በ768 ሲሆን በኦቢኤስ (የስክሪን መቅረጫ ፕሮግራም) የምንቀርጸው በ1920 በ1080 ነው። የ12 ደቂቃው ትምህርት 900 ሜጋባይት ገደማ ስለወጣ በኤች.265 (የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ) ጨመቅነው። አሁን ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ቀዩ ጽሑፍ ደግሞ ይብሳል። በሞባይል ዳታ ሲከፈት ለመጀመር ብዙ ይቆያል። ድምፁ እየመጣ ምስሉ የማይታያቸው ተማሪዎችም አሉ። ቢትሬቱን (ለአንድ ሰከንድ የሚመደበውን የመረጃ መጠን) ብንጨምር ይስተካከላል?

መልስ 1፦
አይስተካከልም። ፊደሉ የደበዘዘው ገና ሲቀረጽ ነው። 1366ን ወደ 1920 ስትለጥጡት እያንዳንዱ ነጥብ (ፒክስል) በ1.4 ገደማ ይባዛል። ሙሉ ቁጥር ስላልሆነ ኦቢኤስ የጎረቤት ነጥቦችን እያቀላቀለ ይሞላዋል። «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለየው ቅጥያ በትንሽ ጽሑፍ ላይ ከሁለት ሦስት ነጥብ አትበልጥም፤ ስለዚህ ቀድማ የምትጠፋው እሷ ናት። አንዴ ከጠፋች በኋላ የቱንም ያህል ቢትሬት ብትጨምሩ አትመለስም።

የላፕቶፑን ስክሪን ራሱን 1280 በ720 አድርጉት፤ ኦቢኤስ ላይም ቤዙም (የሚቀረጸው መጠን) አውትፑቱም (ፋይሉ የሚወጣበት መጠን) እኩል 1280 በ720 ይሁኑ። ላፕቶፑ ላይ ደብዘዝ ብሎ ይታያችኋል፣ አትደንግጡ፤ ፋይሉ ውስጥ የሚገባው ነጥብ በነጥብ ነው። ቀረጻውን በኤምኬቪ የፋይል ፎርማት ያዙት፤ መብራት መሀል ላይ ቢጠፋ እስከዚያ የተቀረጸው ይተርፋል። መደበኛው ኤምፒፎር ግን ማውጫው (ምስሉና ድምፁ ፋይሉ ውስጥ የት እንዳሉ የሚነግረው ክፍል) መጨረሻ ላይ ስለሚጻፍ ሳይዘጋ ከተቋረጠ አይከፈትም።

ከዚያ በሃንድብሬክ (የቪዲዮ መጭመቂያ ፕሮግራም) አንድ ጊዜ ብቻ ጭመቁት። ኮንቴይነሩ (የፋይሉ ዓይነት) ኤምፒፎር፣ ኢንኮደሩ (ጨማቂው) ኤች.264 የሚያወጣው ኤክስ264፣ 8 ቢት። ኮንስታንት ኳሊቲ 21፣ ፕሪሴት ስሎው፣ ፍሬም ሬት 25 እና ኮንስታንት። የኮንስታንት ኳሊቲው ቁጥር ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፤ በ6 ከፍ ስታደርጉት ፋይሉ በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ድምፁ ኤኤሲ (የድምፅ መጭመቂያ ዘዴ)፣ ሞኖ፣ 96 ኪሎቢት ለንግግር በቂ ነው። ቪዲዮው በአማካይ 800 ኪሎቢት ቢወስድ እንኳ ከድምፁ ጋር 12 ደቂቃው 81 ሜጋባይት ገደማ ነው። ብዙም የማይንቀሳቀስ ሰሌዳ ከዚያም ሊያንስ ይችላል።

ምስሉ የማይታያቸው በኤች.265 ምክንያት ነው። ክሮም ይህን ኮዴክ (የመጭመቂያ ዘዴ) የሚከፍተው መሣሪያው ራሱ የሚፈታበት ቺፕ ካለው ነው፤ ድምፁ ኤኤሲ ስለሆነ ግን ይሰማል። ኤች.264ን የማይከፍት ስልክ ዛሬ አታገኙም ማለት ይቻላል። ኤቪ1 የሚባለው ኮዴክ ይበልጥ ይቆጥባል፤ ሆኖም ቺፕ በሌለው ስልክ ላይ ይንቀራፈፋል፣ ባትሪም ይበላል። ለእናንተ አልመክረውም።

መልስ 2፦
ስለ ቀዩ ልጨምር። የድር ቪዲዮ በብዛት 4፡2፡0 ነው። ይህ ማለት የብርሃኑ መረጃ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሲቀመጥ የቀለሙ ግን ለአራት ነጥቦች በጋራ አንድ ብቻ ነው። ቀይ ጽሑፍ በሰማያዊ ወይም በአረንጓዴ ሰሌዳ ላይ በብርሃን ብዙም አይለያይም፤ ፊደሉን የሚሸከመው ቀለሙ ብቻ ስለሆነ ጠርዙ ይፈሳል። ነጭ በጥቁር ወይም ጥቁር በነጭ ጻፉ። ማጉላት ካስፈለገ ከጽሑፉ ሥር ቢጫ ቀቡ እንጂ ፊደሉን አታቅልሙት። በ720 ቀረጻ ላይ የፊደሉ ቁመት ከ28 ነጥብ ባያንስ ይመረጣል፤ ቪዲዮው በስልክ ስክሪን ላይ እንደገና እንደሚያንስ አትርሱ።

ጥሬውን ፋይል ለአርታኢ በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ መንገድ ላይ ይጨመቃል። የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ካላችሁ ደግሞ ምስሉ ላይ አታትሙት። በዩቲኤፍ 8 (የፊደል ኮድ አሰጣጥ) የተቀመጠ ዌብቪቲቲ (የድር የግርጌ ጽሑፍ ፎርማት) ፋይል አድርጋችሁ ለብቻው አያይዙት፤ ፊደሉን የሚስለው ስልኩ ራሱ ስለሆነ በየትኛውም መጠን ጥርት ብሎ ይታያል።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ፣ ፊደሉ ጠርቷል። ግን አሁንም ለመጀመር ይዘገያል፤ አይፎን ላይ ደግሞ ጭራሽ አይጫወትም።

መልስ 1፦
ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። መዘግየቱ ቅድም ካልኩት ማውጫ ነው፤ መጨረሻ ላይ ሲሆን ማጫወቻው እሱን ሳያገኝ አይጀምርም። ሃንድብሬክ ላይ «ዌብ ኦፕቲማይዝድ» የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት፣ ማውጫው ወደ ፊት ይመጣል። ለተጨመቁት ፋይሎች እንደገና መጭመቅ አያስፈልግም፤ በኤፍኤፍኤምፔግ (በትእዛዝ የሚሠራ የቪዲዮ ፕሮግራም) በኮፒ ሁነታ (እንደገና ሳይጨምቅ) «ፋስትስታርት» ከሚለው አማራጭ ጋር አሳልፏቸው፣ ሰከንዶች ይበቁታል፣ ጥራቱም አይነካም።

የአይፎኑ ግን የሰርቨሩ ጉዳይ ይመስላል። ሳፋሪ (የአይፎን ብሮውዘር) ፋይሉን በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚጠይቀው። ሰርቨሩ ቁራጩን በ206 ኮድ («ከፊል ይዘት») መመለስ ሲገባው ሙሉውን በ200 ኮድ ከመለሰ አያጫውትም። በብሮውዘሩ የኔትወርክ መከታተያ ላይ የቪዲዮውን መልስ ክፈቱና ኮዱን እዩ። ቪዲዮውን በፒኤችፒ ስክሪፕት በኩል የምታወጡ ከሆነ ስክሪፕቱን ተዉትና ፋይሉን በቀጥታ ከፎልደሩ አገናኙት። የፋይሉ ዓይነትም «ቪዲዮ ኤምፒፎር» ተብሎ መላኩን እዚያው አረጋግጡ።