ባትሪው ላይ 12.5 ቮልት፣ ፍሪጁ ጋ 10.6፤ የት ነው የሚጠፋው?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። ቫኔ ኋላ ላይ 12 ቮልት ፍሪጅ ገጥሜያለሁ፣ 5 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ማታ ማታ በራሱ ይጠፋብኛል። ባትሪው ደክሞ ነው ብዬ አዲስ ገዛሁ፣ ያው ነው። ፍሪጁ ጠፍቶ ስለካ እዚያም እዚህም እኩል ነው፤ ሲሠራ ግን ባትሪው ላይ 12.5 እያለ ፍሪጁ ጋ 10.6 ይላል። ፖዘቲቩ 6 ሜትር፣ 1.5 ካሬ ሚሊ ሽቦ ነው። ኔጌቲቩን ፍሪጁ አጠገብ ሻንሲው (የመኪናው ብረት አካል) ላይ በብሎን አስሬዋለሁ። ሽቦውን ልቀይረው?

መልስ 1፦
ቀይረው፣ በጣም ቀጭን ነው። እኔ ለፍሪጅ ከ6 ካሬ በታች አልጠቀምም።

መልስ 2፦
ቆይ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት አስላው። 1.5 ካሬ መዳብ በሜትር 0.012 ኦም ገደማ አለው። በ6 ሜትር 0.072፣ በ5 አምፔር ስታባዛው 0.36 ቮልት። ካንተ የጠፋው ግን 1.9 ነው! ሽቦው ብቻውን ይሄን ሁሉ አይበላም። ፍሪጁ እየሠራ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ፍሪጁ ፖዘቲቭ ላይ አድርግ፤ የሚያሳይህ ቁጥር በዚያ መስመር የጠፋው ቮልት ነው። ከዚያ ኔጌቲቩንም እንደዚሁ። ፍሪጁ ከጠፋ ከንቱ ልፋት ነው፣ አምፔር ካልሄደ የሚወርድ ቮልት የለም።

ጠያቂ፦
ለካሁት። ፖዘቲቩ 0.4፣ ኔጌቲቩ 1.5! ብሎኑን ስነካው ይሞቃል። ስፈታው ከቴርሚናሉ (ከሽቦው ጫፍ ማሰሪያ) ስር የሻንሲው ቀለም እንዳለ ነው፣ ብረቱን የነካው የብሎኑ ጥርስ ብቻ ነበር። ብረቱ እስኪያበራ ፋቅኩት፣ አጥብቄ አሰርኩት፣ አሁን 0.1። ፍሪጁ ጋ 12 ቮልት ደርሷል። ባትሪውን በከንቱ ነው የቀየርኩት።

መልስ 2፦
ቢሞቅ አይገርምም፣ 1.5 ቮልት በ5 አምፔር 7.5 ዋት እዚያች ብሎን ላይ እየተቃጠለ ነበር። አሁን ዝገት እንዳይዘው ግሪስ ቀባው።

መልስ 3፦
ይሄንን አይቶ ጀልባው ላይ የሚሞክር ካለ፦ ጀልባ ላይ አካሉን እንደ ኔጌቲቭ አትጠቀሙ፣ ኔጌቲቩም የራሱ ሽቦ ይኑረው። ስለዚህ ስታሰሉ መሄጃውንም መመለሻውንም ቁጠሩ፣ 6 ሜትር የነበረው 12 ይሆናል። 6 ካሬ ብታደርጉት በ5 አምፔር የሚጠፋው 0.2 ቮልት እንኳ አይሞላም። ሽቦው ደግሞ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ይሁን፤ ተራውን ጨዋማ እርጥበት ከላስቲኩ ስር ገብቶ ያጠቁረዋል፣ ከውጭ ሲያዩት ግን አዲስ ይመስላል።