ያቺ አንድ ዓሣ የት ገባች?

ሒሳብ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። የስምንተኛ ክፍል ልጄ የእርግብ ጎጆ መርህ (እርግቦቹ ከጎጆዎቹ ከበዙ ቢያንስ አንዱ ጎጆ ከአንድ በላይ እርግብ ይይዛል የሚለውን) እያጠናች ነው። የሐዋሳ ልጅ ስለሆነች የመጽሐፉን ባለቀለም ኳሶች በከተማችን የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ዓሣ ቀየርኩላት፦ በጆንያ ውስጥ 12 ቆሮሶ፣ 9 አምባዛና 4 ቢልጫ አለ። ሳናይ ስናወጣ፣ ዕድላችን እጅግ ቢከፋ እንኳ፣ 4 አንድ ዓይነት ዓሣ ለማግኘት ስንት ይበቃል? ከየዓይነቱ 3 ቢወጣ 9፤ አሥረኛው የግድ ያሟላል። እዚህ ድረስ ኮርቼ ነበር።

6 አንድ ዓይነት ሲባል ግን በዚያው መንገድ ሦስት ጊዜ 5 አሥራ አምስት፣ ሲደመር 1፣ 16 አልኩ። የመጽሐፉ መልስ 15 ነው! ልጄ «አባዬ ተሳሳትክ» ብላ ሳቀችብኝ፤ ምክንያቱን ግን እርሷም አታውቀውም። ቢልጫው 4 ብቻ መሆኑ እጁ ያለበት ይመስለኛል። ቀመሩ የማይሠራው መቼ ነው?