ምርመራውን ያላለፈ ከእሳት ፊት ይነሣ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሁሉ በየዓመቱ የልብና የአካል ብቃት ምርመራ እንዲያደርግ በሕግ ይገደድ፤ ምርመራውን ያላለፈም ወደሚቃጠል ሕንፃ እንዳይገባ ይከልከል።

የቀድሞ የቡድን መሪ

ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ስለሆንኩ አቋሜን ሳልሸፍን እናገራለሁ፤ ይገደድ፣ ይከልከልም። በሙያው በቆየሁባቸው 22 ዓመታት ሁለት ባልደረቦቼን በሥራ ላይ አጥቻለሁ። በአንደኛው ላይ ጣሪያ ተደርምሶበታል። ሁለተኛው ግን እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ ወደ ጣቢያ ተመልሰን ቱቦ እያጠብን ሳለ፣ ደረቱን ይዞ መኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ አልተነሣም። ዕድሜው 49 ነበር። በሥራ ዘመኑ አንድም ቀን ልቡን የመረመረው ሰው እንዳልነበረ ያወቅነው ከቀብሩ በኋላ ነው።

ይህ የአንድ ጣቢያ ዕጣ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በሥራ ላይ ከሚሞቱት የእሳት አደጋ ሠራተኞች 45 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የሚሞቱት በልብና በደም ሥር ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ከ1994 እስከ 2004 የተመዘገቡ ሞቶችን መርምሮ እንዳሳየው፣ እሳት ማጥፋት ከሠራተኛው የሥራ ጊዜ ከ1 እስከ 5 በመቶ ብቻ የሚወስድ ሲሆን፣ በልብ ደም ሥር ሕመም ከሞቱት 32 በመቶዎቹ የሞቱት በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ነው፤ ሌሎች 17 በመቶ ደግሞ ከአደጋው ቦታ ሲመለሱ፣ ልክ እንደ ባልደረባዬ። ስለ ጣሪያና ስለ ነበልባል ስንት ሰዓት ሥልጠና እንሰጣለን፤ ብዙ ሰው ስለሚገድለው ስለ ልብ ግን አንድ ሰዓት አንሰጥም።

ባለቱቦ

አለቃ፣ ለባልደረባዎ ነፍስ ይማር። ነገር ግን እርስዎ ከሥራው ወጥተዋል፤ የሚጠይቁትን ሕግ የምሸከመው እኔ ነኝ። ዕድሜዬ 44 ነው። የደም ግፊቴ ከፍ ማለቱን በግሌ ሄጄ ተመርምሬ አውቄያለሁ፤ መድኃኒቱንም በግሌ እየገዛሁ እወስዳለሁ። በጣቢያው ይህን የሚያውቅ የለም። የደበቅሁበትን ምክንያት ማንም የሙያው ሰው ሳልነግረው ያውቀዋል፤ ከእሳት መስመር የተነሣ ሰው የአደጋ አበሉን ያጣል፣ ዕድገቱ ይቆማል፣ ቢሮ ተገኝቶለት ካልተቀመጠም ይሰናበታል። ምርመራ ሲመጣ ጤነኛ የሚሆን ሳይሆን ጤነኛ መስሎ የሚታይ ነው የሚበዛው። በምርመራው ጠዋት መድኃኒቱን እጥፍ አድርጎ የዋጠ ሰው አውቃለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ከመሰላል ሊወድቅ ጥቂት ነበር የቀረው። ሕጉ በዚህ መልኩ ከወጣ ሕመምተኛውን ከእሳት አያርቀውም፤ ከሐኪም ያርቀዋል።

ሐኪሟ

ወንድሜ ባለቱቦ፣ መድኃኒትዎን ሳያቋርጡ መውሰድዎ ጥሩ ነው፤ ሐኪምዎ ሥራዎ ምን እንደሆነ ያውቅ እንደሆነ ግን ልጠይቅዎ እወዳለሁ። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ሽንት ያበዛሉ፤ ሌሎቹ የልብን ምት ይገታሉ፤ ሁለቱም በከባድ ሙቀት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ቀላል ነገሮች አይደሉም። መደበቅ የሚያስከትለው ጉዳት አንዱ ይኸው ነው።

ልብ በዚህ ሥራ ላይ ለምን እንደሚከዳ በአጭሩ ላስረዳ። ሰውየው ተኝቶ ሳለ ደወሉ ይጮኻል፤ የልቡ ምት ገና ልብሱን ሳይለብስ ይንራል። ከ20 ኪሎ የማያንስ ልብስና የመተንፈሻ መሣሪያ ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል። ልብሱ እሳትን ወደ ውስጥ እንደማያስገባ ሁሉ የሰውነትን ሙቀትም ወደ ውጭ ስለማያስወጣ ሰውየው በላብ ብዙ ፈሳሽ ያጣል፤ ደሙ ይወፍራል፤ ልቡ ይህን የወፈረ ደም በፍጥነት መግፋት ግድ ይሆንበታል። ጭንብሉን ቶሎ ያወለቀ እንደሆነ ደግሞ በጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ኦክስጅኑን ይሻማዋል። እንዲህ ባለ ጫና የሞቱ ሠራተኞች አስከሬን ሲመረመር አብዛኞቹ ዘንድ የጠበበ የልብ ደም ሥርና ከመጠን በላይ የገዘፈ ልብ ይገኛል። እነዚህ በአንድ ሌሊት የሚመጡ አይደሉም፤ ለዓመታት ሲገነቡ ቆይተዋል፤ ፈልጎ ያያቸው ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ በምርመራው ግዴታነት ላይ ከአለቃ ጋር እስማማለሁ።

«ያላለፈ» የሚለው ቃል ግን ያሳስበኛል። ለብዙ ዓመታት እንደ መለኪያ ሲጠቀስ የኖረው 12 ሜት የተባለው የአካል ብቃት ደረጃ ነው፤ አንድ ሜት ሰው ቁጭ ብሎ ሲያርፍ ሰውነቱ የሚጠቀምበት ኦክስጅን ነውና፣ 12 ሜት የዚያን አሥራ ሁለት እጥፍ ማለት ነው። በመሮጫ ማሽን ላይ 11.5 ያመጣ ሰው የልቡ ደም ሥር ከጠበበበት ሰው ጋር በአንድ ቃል መጠራት የለበትም፤ የመጀመሪያው ጥቂት ወራት ልምምድ፣ ሁለተኛው ሕክምና ያስፈልገዋል። በተጨማሪም ምንም ምልክት የሌለበት ሰው በመሮጫ ማሽን ላይ ሲፈተን፣ ሳይታመም ሕመምተኛ የሚመስልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ወጣቷ ተረኛ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ አንድ ነገር ታሳቢ አድርጓል፤ ችግሩ ያለው በታመመው ሰው ውስጥ ነው የሚል። እኔ በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2017 የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 19 ጤነኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ለልምምድ በተቀጣጠለ እሳት ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያህል የነፍስ አድን ሥራ አሠርተው ነበር። የሰውነታቸው ሙቀት ከፍ ብሎ ለሰዓታት ቆየ፤ ደማቸው ለመርጋት የበለጠ የተዘጋጀ ሆነ፤ የደም ሥሮቻቸው እንደ ወትሮው መላላት አቃታቸው። ልብ በሉ፤ እነዚህ የአለቃን ምርመራ በሙሉ ውጤት የሚያልፉ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለአለቆች ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር የዕረፍት ደንብ መሠረት የ30 ደቂቃ አየር የሚይዙ ሁለት ሲሊንደሮችን የጨረሰ ሠራተኛ ቢያንስ 20 ደቂቃ ማረፍ፣ መቀዝቀዝና ውሃ መጠጣት አለበት። ይህን ደንብ የማያውቅ አለቃ አላጋጠመኝም፤ «አንድ ሲሊንደር ብቻ ጨምሩልኝ» ያላለኝ አለቃም አላጋጠመኝም። ጫናውን ሳትቀንሱ ጫናውን የማይችለውን ሰው ብቻ እየለቀማችሁ ብታወጡ፣ ቀጥሎ የሚወድቀው ምርመራውን ያለፈው ነው።

የቀድሞ የቡድን መሪ

ልጄ፣ «አንድ ሲሊንደር ብቻ» ካሉት አለቆች አንዱ እኔ ነኝ፤ ብክድ ውሸታም እሆናለሁ። ያን ዕለትም ብዬ ነበር። ሆኖም የእርስዎ ነጥብ የእኔን አያፈርሰውም፤ ጤነኛውን ልብ እንዲህ የሚያደርግ እሳት፣ የደም ሥሩ በጠበበ ሰው ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያስቡት። የዕረፍቱ ደንብ ከምርመራው ጎን ይጻፍ፤ ተቃውሞ የለኝም። ዕረፍቱን የከለከለ አለቃም ይጠየቅበት።

የአስተዳደር ሰው

በዚህ ክርክር ውስጥ የሰው ኃይል ቁጥር እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። በአሜሪካ ከ1998 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ ሁለት ሰዎች ወደ ውስጥ ሲገቡ ሌሎች ሁለት ለማዳን ተዘጋጅተው በውጭ መቆም አለባቸው፤ ይኸው አሠራር በብዙ ቦታ እንደ አርአያ ይወሰዳል። አራት ሰው ከያዘ መኪና አንዱ በምርመራ ምክንያት ቢነሣና ምትክ ባይገኝ ቡድኑ በሙሉ በር ላይ ይቆማል ማለት ነው። ደመወዝ የማይከፈላቸውን በጎ ፈቃደኞችም አስቡ፤ በአሜሪካ አብዛኛው የእሳት አደጋ ሠራተኛ በጎ ፈቃደኛ ነው። እነዚህን በየዓመቱ በመሮጫ ማሽን ላይ አቁሙ ማለት ቀላል ነው፤ ወጪውን የሚሸፍን ማግኘት ግን ቀላል አይደለም።

የማኅበር ተወካይ

ይህ ክርክር አዲስ ስላልሆነ ከዚህ በፊት ሁለት ቦታ የተደረገውን ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካና በካናዳ የሠራተኞቹ ማኅበርና የአለቆቹ ማኅበር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የጋራ የጤናና የብቃት መርሐ ግብር አወጡ። ምርመራው ግዴታ ይሁን ተባለ፤ ነገር ግን ዓላማው መቅጣት ሳይሆን ሠራተኛውን ወደ ሥራው መመለስ እንዲሆን፣ የሕክምና መረጃውም በምስጢር እንዲያዝ በዚያው ሰነድ ተጻፈ። ማኅበሩ ያለዚህ ቃል ባልፈረመም ነበር።

ሁለተኛው በብሪታንያ የሆነው ነው። መንግሥት የጡረታ ዕድሜውን 60 አደረገ፤ የብቃቱ መለኪያ ግን ባለበት ቆየ። ሠራተኞቹ «55 ላይ ብቃቱ ቢያንሰኝና ሌላ የሥራ መደብ ባይኖር ምን እሆናለሁ?» ብለው ጠየቁ፤ መልስ ስላላረካቸው እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2013 ጀምሮ በተደጋጋሚ የሥራ ማቆም አድማ መቱ። የተቆጡት ምርመራ በመኖሩ አልነበረም፤ ከምርመራው በኋላ ያለው መንገድ ገደል ስለሆነባቸው ነው። እኔም እንደ ባለቱቦ እቃወማለሁ፣ ነገር ግን የምቃወመው የሐሳቡን ሁለተኛ ግማሽ ነው።

ባለቱቦ

ተወካዩ ያሉት ልክ ነው፤ እኔ ግን ሌላም ፍርሃት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን ለሰው ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጡት ምድብ ውስጥ አስገብቷል፤ በቂ ማስረጃ የተገኘው ለፊኛ ካንሰርና ሜሶቴሊዮማ ለተባለው፣ ብዙ ጊዜ የሳንባን ሽፋን ለሚይዘው ካንሰር ነው። በካናዳ የማኒቶባ ክፍለ ግዛት ገና በ2002 የተወሰኑ ካንሰሮች የያዙት ሠራተኛ ሕመሙን ከሥራው እንዳገኘው ይቆጠርለት ብላ ሕግ አወጣች። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ቦታ ግን ሠራተኛው ራሱ ማስረዳት አለበት። ታዲያ በየዓመቱ የሚጻፍብኝ መዝገብ ካሣ በጠየቅሁ ቀን «ይህ ሕመም ቀድሞም ነበረብህ፤ ከሥራው አይደለም» ለማለት እንዳይውል ማን ዋስ ይሆነኛል?

ሐኪሟ

ፍርሃትዎ መሠረት የለውም አልልም። ይሁን እንጂ መዝገቡ በተቃራኒው የሠራበትን አንድ ትልቅ ምሳሌ ላስቀምጥ። የኒው ዮርክ ከተማ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 11 ቀን 2001 አስቀድሞ የሠራተኞቹን የሳንባ አቅም በየጊዜው ይለካ ነበር። በዚያ ቀን የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃዎች በሽብር ጥቃት ወድቀው ሠራተኞቹ አቧራውን ከሳቡ በኋላ እንደገና ሲለኩ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የጠፋባቸው አቅም በአማካይ በተለመደው የዕድሜ መግፋት በ12 ዓመት ከሚጠፋው ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ። የቀድሞው ልክ ባይኖር ኖሮ ሲጋራ ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ጉንፋን ነው ማለት ይቻል ነበር። መዝገብ ለሠራተኛው ምስክር የሚሆነው ከጉዳቱ በፊት የተጻፈ ሲሆን ነው። እርስዎ በኪስዎ የያዙት መድኃኒት ግን ምንም አይመሰክርልዎትም፤ ነገ በእሳት ፊት ቢወድቁ ቤተሰብዎን የሚጠይቁት «ግፊት እንዳለበት እያወቀ ለምን ደበቀ?» ብለው ነው።

ባለቱቦ

ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ ሚስቴም ታነብበዋለችና ዛሬ ማታ ከቤት ሌላ ክርክር ይጠብቀኛል።

የቀድሞ የቡድን መሪ

የሰማሁትን ይዤ ሐሳቡን አሻሽዬ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ምርመራው በየዓመቱ ግዴታ ይሁን፤ ዝርዝሩ በሐኪሙ ዘንድ ይቀመጥ፤ ለአለቃው የሚነገረው «ይግባ»፣ «ለጊዜው አይግባ» ወይም «አይግባ» የሚለው ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ ለጊዜው የተነሣ ሠራተኛ እስኪታከም ድረስ አበሉ ሳይቀነስ በሥልጠና፣ በሕንፃ ደኅንነት ቁጥጥር ወይም በጥሪ መቀበያ ይሥራ፤ በቋሚነት የተነሣውም ተመሳሳይ ደረጃ ያለው መደብ ወይም ሙሉ ጡረታ ያግኝ። ሦስተኛ፣ የወጣቷ ተረኛ የዕረፍት ደንብ እንዳለ ይግባ።

የአስተዳደር ሰው

አንደኛውንና ሦስተኛውን ዛሬ እፈርማለሁ። ሁለተኛውን በተመለከተ ግን አበሉን በሙሉ ለማስቀጠል ቃል መግባት አልችልም፤ ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ ሳይታወቅ የሚገባ ቃል ማታለል ነው።

የማኅበር ተወካይ

ሁለተኛው ከሌለ አንደኛው የለም።

ባለቱቦ

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ስለ መዝገቡ ሐኪሟ አሳምናኛለች፤ በዚህ ሳምንት ሄጄ ሥራዬን ለሐኪሜ እነግረዋለሁ፣ መድኃኒቱም ለሙቀት የሚስማማ መሆኑን እጠይቃለሁ። ለአለቃዬ የምነግረው ግን ሁለተኛው አንቀጽ ተጽፎ ሳየው ነው።

ወጣቷ ተረኛ

አለቃ ባይነገራቸውም ከጎንዎ ቱቦውን የምይዘው እኔ ነኝና ለእኔ ይንገሩኝ።